የዶክተር ዘአማኑኤል ፓፓያ

አንዲት ነገር ብቻ አውቆ ዓለምን በሙሉ በእሷ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለካዛንቺስ የደረሳት ክቡር ዶክተር ዘአማኑኤል ነው፤ ዶክተርነቱን ዩኒቨርሲቲው ገና ባይሰማም።

የሚያጠናው ኢንዛይም ሲገፋና ሲጎተት ሥራው እንዴት እንደሚለወጥ ነው። እዚያው ላብራቶሪው ውስጥ ቢተወው ምን ነበረበት! ታክሲ ውስጥ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራተኛ ሰው ሲጠቀጠቅ፣ "ማለቴ፣ ጉልበት ያነቃል" ይላል። የተበላሸውን የኮንዶሚኒየም ሊፍት በእርግጫ ብሎ፣ "በቃ፣ ጉልበት ያነቃል!" ሊፍቱ እስከ ዛሬ እንደተኛ ነው።

ታላቅ እህቱ መብርሂት ግን ችላው ኖራለች። ልጇን ፍዮሪን ሊያጩ ሽማግሌዎች የሚመጡ ዕለት፣ ከቄራ የተገዛው ሥጋ ጎማ ሆኖ አረፈው። ዋናው ሽማግሌ አቶ ገቢሳ ደግሞ ካኮረፉ የማይመለሱ ሰው ናቸው አሉ። ፍዮሪ ጓዳ ገብታ ጥፍሯን ትበላለች።

"ለእኔ ተዪው" አለ ዶክተሩ። ሥጋውን በፓፓያ ለውሶ በዘነዘና ይወቅጠው ጀመር። "ፓፓያ ሥጋ የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለው። ሲወቀጥ ሥጋው ይላላል፣ ኢንዛይሙም ሰተት ብሎ ይገባል። ትንሽ ብቻ ይቆይና ይታጠባል። ጉልበት..."

"ያነቃል፤ ሰማን! ያንተን የመመረቂያ ጽሑፍስ ምን ያንቃው? እስከ መቼ ልጎትትህ?"

ዘነዘናው ቆመ።

"መጎተቱ ሲበዛ እኮ ኢንዛይሙም ቅርጹ ይፈርሳል፣ መብርሂቴ። ከዚያ ምንም አይሠራም" አለ ቀስ ብሎ።

መብርሂት ስለ ኢንዛይም ብቻ እንዳላወራ ገባት፤ አንጀቷን በላው። እጇን ጠርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። አማካሪው ሥራውን ስንት ጊዜ እንደመለሰበት፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደከዳው ሲነግራት ቆየ። ሥጋው ከነፓፓያው ተረሳ።

ከድስት ሲወጣ ጥብስ መሆኑ ቀርቶ ገንፎ ሆኗል። ጉድ ፈላ! ሌላ ሥጋ ለመግዛት ጊዜ የለም፤ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ናቸው።

አቶ ገቢሳ ቀመሱ። ደግመው ጎረሱ፤ ሠልሰው ጎረሱ።

"ጥርሴ ካለቀ ወዲህ ሰው ቤት ሥጋ ስበላ ዛሬ ገና ነው። ማነው እንዲህ ያሰበልኝ?"

"ወንድሜ ነው፤ ዶክተሩ" አለች መብርሂት፣ ደረቷን ነፍታ።

ፍዮሪ በዚያው ተፈቀደች። አቶ ገቢሳ ግን ሽማግሌ አይደሉ፣ የሰፈሩን ወሬ ሰምተው ኖሮ ወደ ዘአማኑኤል ዞሩ፤ "እና ልጄ፣ ትምህርቱን መቼ ነው የምትጨርሰው?"

ይህን ጥያቄ በየእሑዱ የምትጠይቀው መብርሂት ድስቱን አንሥታ በመካከላቸው ገባች።

"ሲያልቅ ያልቃል፣ አባቴ። ይልቅ ይጨመርልዎ?"