መኪናው እንዳይሠራለት የሚጸልይ ሾፌር

መኪናው እንዳይሠራለት የሚጸልይ ሾፌር አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ዶሃ፣ በምሠራበት ጋራዥ አጋጥሞኛል። ሰይድ ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው። ኡም ሰላል መሐመድ በሚባል ሰፈር፣ አማርኛ የሚሰማ ፍጡር በሌለበት ግቢ፣ "ባባ" የሚለውን የአሠሪውን ፒክአፕ ይነዳል።

ፒክአፑ እየሄደ ድንገት ይጠፋል። ቁልፉን ስከፍት የሞተር ምልክቷ መብራት እንኳ አልበራችም። ፊውዙን አየሁ፣ ሽቦውን ለካሁ፤ ደህና ናቸው። የሞተሩን ኮምፒውተር ብፈታው ውስጡ ተቃጥሏል።

"ይድናል?" አለኝ ሰይድ፣ ፈራ እያለ።

"አይድንም፣ መቀየር ነው። ዕቃው ደግሞ ከዱባይ ነው የሚመጣው።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ።

ከዚያ በኋላ "ሥራውን ልከታተል" እያለ በየቀኑ መጣ። ሦስት ዓመት ያጠራቀመውን ወሬ አራገፈው፤ የአጎቱ ሠርግ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀ። ሙሽራዋ ገና ከቤቷ ሳትወጣ እኔ አንድ ሞተር አውርጄ ሰቅያለሁ። ለጌታው ንብረት እንዲህ የሚጨክን ሰው ምን ይባላል? እንዳላማው ደግሞ አፍ የለኝም፤ ኮምፒውተሩ ከመጣ ሳምንቱ ነው። መሳቢያ ውስጥ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ጋራዡ ውስጥ ካለነው ዘጠኝ ሠራተኞች አማርኛ የምችል እኔ ብቻ ነኝ።

በመጨረሻ ባባ ደውሎ ተቆጣ። ኮምፒውተሩን ገጠምኩት። ሞተሩ ባንድ ቁልፍ ተነሣ። ሁለታችንም መርዶ እንደሰማ ሰው ተያየን።

"ፍሬኑ ትንሽ የሚጮህ አልመሰለህም?" አለኝ ሰይድ፣ መሪውን ይዞ።

ፍሬኑ ጤነኛ ነው።

"በጣም ይጮሃል እንጂ" አልኩት። "ዓርብ ይዘኸው ና።"