«አንድም» ብዬ ተርጓሚ ሆንሁ

መጽሐፍ የሚቆጥር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የሚያነብ አላልሁም፤ የሚቆጥር! እኔማ ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ ከተማ ካለው ቤቴ አንዱን ክፍል አከራይቼው ነበር።

ጌትነት የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የአንድ ስመ ጥር የባሕር ማዶ ጸሐፌ ተውኔት ሥራዎች በአማርኛ ስንት ጊዜ እንደተተረጎሙ ይመዘግባል። እስካሁን ማንም ያላገኘው ትርጉም ካላመጣ ግን መምህሩ አያስመርቁትም። ታዲያ አንድ ቀን ከሟች ወንድሜ የቀረኝን፣ ሽፋኑ የወለቀ የኚያኑ ሰው ተውኔት አየና በማስመሪያ ይለካው ጀመር።

«አነበብኸው?» አልሁት።

«ኧረ እማማ፣ ስቆጥር ውዬ መቼ ላነብ ነው! ይልቅ ይህ ተውኔት ስንት ትርጉም አለው?»

እኔ የጎንደር ልጅ፣ ትርጉም ሲሉኝ የማውቀው ሊቃውንቱ በቤተ ክርስቲያን «አንድም» እያሉ የሚያፍታቱትን ነው።

«ሦስት አለው» አልሁ። «ንጉሡ ዘውዱን የጣለው ቢያብድ ነው። አንድም፣ ሚስቱን ፈርቶ ነው። አንድም፣ ራሱን አሞት ነው።»

«ሦስት!» ብሎ ዘለለ። «ተርጓሚው ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«የት?»

«እዚሁ፣ በረንዳው ላይ።»

ቀና እንኳ ሳይል ጻፈው። ምነው፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ቢያነሣ ምን ይጎድልበት ነበር?

ተመረቀላችሁ! በሳምንቱ መምህሩ ራሳቸው ማስመሪያ ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ።

«እማማ፣ አራተኛ ትርጉም ይኖር ይሆን?»

«አይጠፋም» አልኋቸው። «ግን እስቲ አረፍ ይበሉና አንዳችን እንኳ መጽሐፉን እናንብበው፤ እኔም ወንድሜ ሲያወራው ሰምቼ ነው።»