ፊቱን የሚታጠበው ወንበዴ

በየከተማው አንድ «አይመጥንም» ባይ ሽማግሌ አለ። ይህ ሰው የሌለው ከተማ ካለ፣ ገና ከተማ አልሆነም። የሙሽራ መኪና ሲያጌጥ «አይመጥንም» ይላል፤ ለቅሶ ቤት ካርታ ሲጫወቱ «አይመጥንም» ይላል፤ ክረምቱ ቀድሞ ቢገባ ለሰማዩም ይህንኑ ይለዋል።

የኛ የመካነ ሰላሙ፣ ክቡር መምህር ደሳለው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ደመወዙ ቀነሰ እንጂ ሥራው አልቀነሰም፤ ጃንጥላ ይዘው ከተማውን ሲያርሙ ይውላሉ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸውና ዛሬም ተማሪያቸው ነኝ። አንድ ቀን ገበያ ላይ ሽንኩርት ስመርጥ «ወይዘሮ ዘሊካ፣ እንዲህ ተጎንብሶ አይመረጥም» አሉኝ። ተቀምጬ ብመርጥም ያው ነበር የሚሉኝ።

ኢሕአዴግ ከገባ አሥር ዓመት ያህል ሲሆነው፣ ልጆቻችን ከጅዳ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ መላክ የጀመሩ ሰሞን፣ የዓይን በሽታ ሕፃናቱን አስቸገረ። የልጅ ልጄ የፈይዛ ዓይን በየጊዜው ያመረቅዛል። እናቷ ዓረብ አገር ናት፤ አደራው እኔ ላይ ነው። ሐኪሙ «በየጠዋቱ ፊቷን ካልታጠበች የዓይኗ ብርሃን ያሰጋታል» አለኝ። እሷ ደግሞ ከውሃ ጋር ጠበኛ ናት።

በዚያው ዓመት የልጆች መናፈሻ ተሠራ፤ ዥዋዥዌ፣ ሸርተቴ፣ ቦኖ ውሃ፣ ከቦኖው በስተኋላ የጤና ትምህርት የሚሣልበት ግድግዳ። ባለ ቪዲዮ ቤቱ መሐሙድ ሥዕልም ይችላልና «የሕንድ ፊልሙን አክተር ፊቱን ሲታጠብ ልሣለው» አለ። ስብሰባ ተጠራ።

ክቡርነታቸው ተነሡ። «ትምህርት በዳንኪራ አይሰጥም። ጨፋሪ ጤና ሊያስተምር? አይመጥንም።»

«ጋሼ፣ ልጆቹ የሚያውቁት ሰው ሲታጠብ ካዩ ይታጠባሉ» አለ መሐሙድ።

«እኔን አያውቁኝም?»

«እርስዎን ሲያዩማ ይሸሻሉ» አልኩ ከኋላ።

ሰው ሁሉ ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። ግድ ሲሆንባቸው የመሐሙድን የፊልም ፖስተሮች አስመጥተው መረመሩ። ደረቱን የከፈተውን አክተር ገፍተው፣ ነጭ ሱፍ ከነከረባቱ የለበሰውን አነሡ። «መሣል ካለበት ይህ ይሣል። ጨዋ ሰው ነው፤ ከፊቱ ያስታውቃል።»

«ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ...»

«ጨርሻለሁ።»

ተሣለ። ውሃው ከመዳፉ ሲወርድ ልብስ የሚያረጥብ ይመስላል። ልጆቹ ግን ቦኖው ጋ አንደርስም አሉ። ፈይዛን እየጎተትኩ ብወስዳት «እማማ፣ እሱ የወንበዴዎቹ አለቃ ነው። የአክተሩን መንደር ያቃጠለው። እሱ በታጠበበት አልታጠብም» አለችኝ። ልጆቹ ሥዕሉን በድንጋይ ሲደበድቡት አንድ ዓይኑ ተላጠ። ወሬው ወረዳ ደረሰና ግድግዳው በኖራ ይለቅለቅ ተባለ።

መምህር ይህን ሲሰሙ መሐሙድ ቪዲዮ ቤት ገቡ። ልጆች መሃል ተቀምጠው ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር አዩት። መንደሩ ሲቃጠል ብድግ ብለው «አንተ ባለጌ» አሉት አሉ።

በማግስቱ ልጆቹን ቦኖው ጋ ሰበሰቡ። «ፊልሙ ሁለተኛ ክፍል አለው። መካነ ሰላም ገና አልደረሰም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ» አሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ውሸት አይመጥንም ያሉት ሰው። «ይህ ሰው ባቃጠለው መንደር ጢስ ዓይኑ ጠፋ። አንዲት አሮጊት ‘ፊትህን በየጠዋቱ ታጠብ’ አለችው። ቢታጠብ ማየት ጀመረ፤ መጀመሪያ ያየውም ያቃጠለውን መንደር ነው። ተውበት አደረገ።» ለክርስቲያኖቹም «ንስሐ ገባ ማለት ነው» ብለው ጨመሩ።

«የተላጠችው ዓይኑስ?» አለች ፈይዛ።

«እሷ ገና አልዳነችም። ለዚያ ነው አሁንም የሚታጠበው።»

ፈይዛ ሥዕሉን ቆማ አየችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ታጠበች።

የፊልም ሰው ትምህርት ቦታ ምን ይሠራል የሚሉኝን እኔ ዛሬም እሞግታለሁ። ያን ቀንም ሞግቻለሁ። ከወረዳ የተላከው ይሄነው የኖራ ባልዲውን ይዞ መጣና «እማማ፣ ወንበዴ አርአያ አይሆንም፤ ገለል ይበሉ» አለኝ።

«ልጆቹ ታጥበው ይጨርሱና ትለቀልቃለህ» አልኩት።

«እሺ፣ ይጨርሱ።»

የታጠበው ልጅ ዞሮ ከወረፋው ጭራ እንደገና ይቆማል። ፈይዛም ዞረች፤ ሁሉም ዞሩ። ይሄነው ባልዲውን አስቀምጦ ቁጭ አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወረፋው ይሳሳ ጀመረ፤ ልቤ ፈራ። ዘወር ብል መምህር ደሳለው ከልጆቹ ኋላ ተሰልፈው እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ።

«ወይዘሮ ዘሊካ፣ ኮቴን ይያዙልኝ» አሉኝ።

ተቀበልኳቸውና፣ ከኋላቸው ቆምኩ።