ማሳ ላይ የተኛ ውሃ

የፎገራ ሰው ውሃን በዓይኑ ካላየ አያምንም። ሩዝ ከመጣ ወዲህማ ባሰበት፤ ማሳው ላይ ውሃ ተኝቶ ሰማይ ካልታየበት እንቅልፍ አይወስደውም። መሬት ጠጥታ በሆዷ የያዘችውን እንደ ጠፋ ይቆጥረዋል። እናንተስ ብትሆኑ? የማይታይ ነገር ማን ያመሰግናል!

ልጄ አስማማው የእነዚህ ሰዎች አለቃ ነው። ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ከቤታችን በላይ፣ ዘመኗን ሁሉ ሣር ለብሳ የኖረች ተረተር አለችን። እሷ የጠጣችው ዝናብ ቀስ እያለ ሰርጎ ጓሮዬ ካለው ጉድጓድ ይደርሳል። በበጋ ሽንኩርቴም እኔም የምንጠጣው ከዚያው ነው። አምና ክረምት ሲገባ አስማማው ሣሩን ገልብጦ አረሰ፤ ከብት እያዞረ ጭቃውን አስረገጠ፤ ዙሪያውን ከተረ። ሜዳ ላይ ለሩዝ የሚደረገውን ሁሉ ሽቅብ ይዞት ወጣ።

«አንተ! መሬቱን እንደ ጎታ ለቀለቅኸው እኮ! ውሃው በየት ይግባ?»

«እምዬ ደግሞ! ለምን ይገባል? ይኸው ተኝቶልሽ!»

«የተኛውንማ ፀሐይ ይጠጣዋል። እኔስ ምን ልጠጣ?»

«ሥራ ስትፈቺ ጭንቀት ትፈለፍያለሽ» ብሎኝ ሄደ።

ክረምቱ ወጣ። የጉድጓዱን ገመድ ቀጠልኩ። ደግሞ ቀጠልኩ። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ ሄጄ አጎነብሳለሁ፤ ተመልሼ ሳልቀመጥ ደግሞ እሄዳለሁ። ጎረቤቴ ጉድጓዱ ውስጥ ጌጥ የጣልኩ መስሏት ባትሪ ይዛ መጣች! ጥር ላይ ባልዲዬ ጭቃ ዛቀ፤ ሽንኩርቴም አንገቱን ደፋ። ለልጄ ብነግረው «ወንዙ መች ራቀ?» አለኝ። ምክሩ የእሱ፣ እንስራው የእኔ።

በዚያው ሰሞን አስማማው ሐሙሲት ገበያ ወርዶ የወለደች ላም ገዛ። እየሳቀ አመጣት፤ ከጉድጓዴ ቀድቶም አቀረበላት። አሸተተች፣ አፍንጫዋን ነፋች፣ ፊቷን አዞረች። በማግስቱ ወተቷ ቀነሰ።

«እምዬ፣ ምን ይሻላል? ላሟ ልትነጥፍብኝ ነው!»

«ወንዙ መች ራቀ?» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ዶማውን ይዞ ወጣና ክትሩን ናደው። ተረተሯ ሣር ትልበስ፣ ከብትም አይርገጣት ብሎ ፈረደ።

እናቱ ስትጮህ ያልሰማ፣ ላም ስታኮርፍ ሰማ። እንግዲህ ሣሩ ሥር እስኪሰድ፣ ዝናቡም እስኪሰርግ እንጠብቃለን። ልጄን ማን መለሰው ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ላሟ ናት። ብቻ ውሃው ይመለስ እንጂ፣ ከእሷ ቀጥሎ ለመጠጣትም አልኮራም።