ወደ ውስጥ የምትሳብ አዎ

እናንተዬ፣ «አዎ» ስትሉ አየሩን ወደ ውጭ ነው የምታወጡት ወይስ ወደ ውስጥ የምትስቡት? አትሳቁብኝ፣ የምሬን ነው። እኔ ወደ ውስጥ ነው የምስበው። ብዙዎቻችሁም እንደኔው ናችሁ፤ ልብ ብላችሁት ስለማታውቁ ነው። ጎረቤት ብቅ ብላ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ስትል አፋችሁን ከፈት፣ ትንፋሻችሁን ሳብ፣ በቃ። አዎ ማለት ነው። ያ ሁሉ ፊደል ያለን ሰዎች ለዚህች ድምፅ አንድ ሆሄ እንኳ አላበጀንላትም። እንዴት አድርጌ ልጻፍላችሁ? ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ጀርባው ላይ የተደፋበት ሰው የሚያሰማትን አስቧት። እሷ ናት።

አገር ቤት ሳለሁ ይህች ነገር እንዳለችኝም አላውቅም ነበር። ሁሉም ሰው እንደኔ ሲስብ የሚውልበት አገር ማን ይነግረኛል? ለንደን የመጣሁት ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ ነው። ያኔ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ እሱን አሁን አላነሳውም። መጣሁ፣ ቋንቋ ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ። ፓርክ ሮያል፣ ሳንድዊች ፋብሪካ፣ ፀጉሬን በመረብ ሸፍኜ ቀኑን ሙሉ ዳቦ ላይ ኪያር መደርደር ነው ሥራዬ። እንግሊዝኛዬም አይታማም። ያቺ ትንፋሽ ግን ለካ አብራኝ ተሳፍራ መጥታ ኖሯል። ቪዛ ያልጠየቋት እሷን ብቻ ነው።

ልጄ ረድኤት እዚሁ ተወልዳ ስትሪትሃም ነው ያደገችው። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ወላጆች ተጠርተን ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። አስተማሪዋ ደግ ሴት ናት። ረድኤት ጎበዝ ናት አለችኝ። ሳብ አደረግኩ። ማንበብ ትወዳለች አለችኝ። ሳብ። ቤት ውስጥ ታግዢያታለሽ ወይ አለችኝ። ይህቺን እንኳ በኩራት ነበር የመለስኳት፣ ጠንከር አድርጌ ሳብኩ። ሴትዮዋ ከወንበሯ ብድግ! መስኮት ክፈቱ፣ ውሃ አምጡ፣ አስም ያለበት ልጅ መንፊያውን ያውሰን… ጉድ ፈላላችሁ። የክፍል ጓደኞቿ ከነወላጆቻቸው ከበው ያያሉ። እኔም ደህና ነኝ ለማለት እንደገና ሳብኩላቸው!

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ቀድማኝ ነበር የምትሄደው። በራችን ላይ ስንደርስ ዞር ብላ «ማሚ፣ ከእንግዲህ አትምጪ፣ ኦኬ?» አለችኝ። ክፋት የላትም፣ ልጅ ናት። እኔ ግን ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት በተጠራሁ ቁጥር ሽፍት አለብኝ እላለሁ። እሷም እናቴ ሥራ ላይ ናት ትላለች። ውሸት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሁለታችንም ዝም። እንዲህ እንዲህ እያልን አሳደግናት፤ እኔና እፍረቴ ማለቴ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ሃምቡርግ ለመድረስ ነው። መንገዱ ረዘመባችሁ? ለእኔም ረዝሞብኛል።

ረድኤት አሥራ ስምንት ሞላትና በመስከረም ለዩኒቨርሲቲ ወደ ሰሜን ልትሄድ ሆነ። ከመሄዷ በፊት ከጓደኛዋ ጋር ጀርመን አገር፣ ሃምቡርግ፣ አንድ የሴቶች ውድድር አፕላይ አድርገው ነበር። እንዲሁ ሩጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሁለት ሴቶች ይጣመራሉ፣ ስልካቸው ይወሰዳል፣ ካርታ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ በማያውቁት ከተማ በእግራቸው እየዞሩ የተጠቆሙትን ቦታዎች በመረጡት ቅደም ተከተል ይፈልጋሉ። በየቦታው የታዘዙትን ሠርተው ማህተም ያስመታሉ። ዋናው ሕግ ደግሞ፣ ሁለቱ አብረው ካልገቡ እንዳልገቡ ይቆጠራል። ታዲያ ሳምንት ሲቀረው ጓደኛዋ ቁርጭምጭሚቷ ወለም አላት። በቃ ካንስል አድርጊው ልላት አፌን ስከፍት «ማሚ፣ ለምን አንቺ አትመጪም?» አትለኝም መሰላችሁ!

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። «አትምጪ» ስትለኝ የኖረች ልጅ «ነይ» ስትል እንቢ ይባላል? ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ።

የማሸነፍ ነገር በሐሳቤም አልነበረ። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩት። ይህች ልጅ ከቤቴ ከመውጣቷ በፊት አንዲት ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ሳታፍርብኝ ትዋል። ስለዚህ ያቺን ትንፋሽ ላልስባት ማልኩ። ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ላይ «የስ፣ የስ፣ የስ» እያልኩ ወደ ውጭ ተለማመድኩ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ወንበር ቀየረ።

ሥራ ቦታ ጉዳዩን የሰሙ ሁሉ፣ ኢትዮጵያዊት አይደለሽ እንዴ፣ በቃ አሸንፈሻል አሉኝ። ይኼ ነው የሚገርመኝ። እኔ በሕይወቴ ከአውቶቡስ በቀር ያባረርኩት ነገር የለም፤ እሱንም ደርሼበት አላውቅም። ሃምቡርግ መነሻው ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ከየት ነሽ አለችኝና ነገርኳት። ይህን የሰሙት ሁሉ ገለል ገለል ብለው ከፊት አቆሙኝ! በዚህ ዕድሜዬ በታይት፣ ደረቴ ላይ ቁጥር ለጥፌ፣ ከፊት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ላደገድግ ብል ረድኤት ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። ፊሽካው ሲነፋ መቶ ሴት ግራና ቀኜን እያለፈኝ ሄደ፣ ሁሉም ሲያልፉ ዞር ብለው እያዩኝ።

ከተማዋ ወደብ ናት ብለውኝ ነበር። እኔም ባሕሩ የታለ እያልኩ ዓይኔ ተንከራተተ። ባሕር የለም! ወንዝ ነው። መርከቡ ሁሉ በወንዝ ነው ሽቅብ የሚመጣው፤ ባሕሩ በባቡር የሚኬድ ሩቅ አገር ነው አሉኝ። እዩት እንግዲህ፣ እኛ ወደብ አጣን ብለን ስንብሰለሰል እነሱ ባሕር ሳይኖራቸው ወደብ አላቸው። ቀዩ የጡብ መጋዘን፣ በመካከሉ የሚሄደው ውሃ፣ ድልድዩ በድልድይ ላይ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔ ግን እያየሁትም አላየሁትም። «የስ፣ የስ» እያልኩ በልቤ እደግማለሁ።

ከዚያ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ከበሩ በላይ ቀና ስል ማንን ባይ ጥሩ ነው? ሚካኤልን! ክንፉን ዘርግቶ፣ ሰይጣንን ከእግሩ ሥር ጥሎ ቆሟል። እኔ ደግሞ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነኝ። ሃይማኖቱ የእነሱ ይሁን፣ እኔ ምን አገባኝ፤ ሚካኤል ሚካኤል ነው። ሳልሳለም ልለፍ እንዴ? አማትቤ፣ ግንባሬን አስነክቼ፣ በሩን ሦስቴ ሳምኩ። ረድኤት «ማሚ፣ ታይም! ታይም!» ትላለች። ማህተማችንን አስመትተን ዞር ስንል ከኋላችን የደረሱ ሁለት ሴቶች በሩን እየሳሙ ነው። የታዘዘው ሥራ መስሏቸው! ከእነሱ ኋላ ሌሎች ሁለት፣ ከእነዚያም ኋላ ሌሎች፣ ወረፋ ይዘዋል። እንዲያውም አንዷ ረጅም ሴትዮ ስንቴ ነው የሚሳመው ብላ ጠየቀችኝ። ረድኤት ፊቷን በካርታው ሸፈነች። እኔም ላቤ በጆሮዬ ሥር ወረደ። ሦስቴ ነው አልኳት፤ ምን ልበላት?

ይህን ሁሉ ስናልፍ ግን ስሙኝማ፣ ያቺን ትንፋሽ አንድ ጊዜም አልሳብኳትም። «የስ» ብቻ።

ቀጥሎ ከወንዙ በታች የተቆፈረ አሮጌ መተላለፊያ አለ፤ በደረጃ ተወርዶ ከማዶ በደረጃ ይወጣል። ሊፍት አለው፣ ለእኛ ግን ክልክል ነው። መውረዱን ወረድኩት። ነጭ ሸክላ በተለጠፈበት ዋሻ ውስጥ፣ ከአናቴ በላይ መርከብ እያለፈ፣ እሱንም ሄድኩት። የመውጫው ደረጃ ግን አላልቅ አለኝ። ረድኤት ከኋላዬ እየገፋች አወጣችኝ። ብቅ ስንል ከተማዋ ከውሃው ማዶ፣ ከነማማዎቿ ከነመርከቦቿ ተዘርግታ ቁጭ ብላለች። ልጄ እጄን ያዘችኝ። በሰው ፊት እጄን ከያዘችኝ ስንት ዘመኗ! ከዚያ በአማርኛ፣ ያውም ቀስ ብላ፣ «ማሚ፣ ቆንጆ አይደለችም?» አለችኝ።

ዘነጋሁ። ከልቤ ሳብ አደረግኳት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ለካ ቀይ ጃኬት የለበሰ የሕክምና ልጅ ከኋላዬ ቆሟል። ዘሎ መጣ። መተንፈስ ትችያለሽ ወይ አለኝ። ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ ደግሞ እንግሊዝኛው ሁሉ ጥሎኝ ይጠፋል። ሳብኩ። ትሰሚኛለሽ አለኝ። ሳብኩ። አሞሽ ያውቃል አለኝ። ኧረ ምን አሞኝ ለማለት ራሴን ስወዘውዝ ጭራሽ ዞረባት አለና መሬት ላይ አስቀመጠኝ። ጣቴን በመቆንጠጫ ያዘ፣ ከቦርሳው የኦክስጅን ጭንብል አወጣ፣ ለእናንተ ውድድሩ እዚህ ላይ አብቅቷል አለንና በሬድዮ መናገር ጀመረ።

ከኋላ የመጡት ሴቶች ከበቡኝ። ያቺ ሚካኤልን ስንቴ ልሳም ያለችው ሳትቀር ቆማ ታየኛለች። ቀና ብዬ ልጄን ፈለግኳት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ። በአስተማሪዋ ፊት የቆመችው እንደዚያ ነበር። አሁን ቀድማኝ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? የምሬን ታምሜ ልገኝ ተመኘሁ። የታመመች እናት ታሳዝናለች እንጂ አታሳፍርም።

ረድኤት እጇን ከፊቷ አወረደች። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ እናቴ ናት፣ አልታመመችም፣ አዎ እያለችህ ነው አለችው። ልጁ ግራ ገባው። «እኛ አዎ የምንለው እንደዚህ ነው» አለችው ጮክ ብላ።

እኛ! ሌላውን ተዉት። እኔ እኛ የምትለዋን ነው የሰማሁት።

ልጁ ግን በዋዛ የሚለቅ አይደለም። አንቺም እንደዚህ ትያለሽ ማለት ነው ብሎ ጠየቃት። ልጄ አየችው፣ አየችኝ፣ ትንፋሿን ሳብ አደረገች። አስባበት ይሁን አምልጧት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ልጁ ሁለታችንን ተራ በተራ አየና ከቦርሳው ሁለተኛ ጭንብል መፈለግ ጀመረ።

ያዳነችን ማህተም የምትመታው አሮጊት ናት። ነፋስ ያከሰለው ፊት ያላት፣ ቀጠን ያለች ሴት። ልጁን ከየት አገር ነህ አለችው። ከደቡብ፣ ከተራራው በኩል ነኝ አላት። እሷማ በሰሜኑ ባሕር ከአንዲት ደሴት ነው የመጣችው። በእኛ ደሴት ዓሣ አጥማጁም፣ ቄሱም፣ አያቴም አዎ ሲሉ እንደዚህ ነው የሚሉት አለችና፣ «ያ» የምትለዋን የጀርመን አዎ ወደ ውስጥ ሳበቻት! ቁርጥ የእኛዋን! የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ። ልጁ መቆንጠጫውን ከጣቴ አወለቀ። እኔም አሮጊቷን አቅፌ፣ እንደ ሚካኤል በር ሦስቴ ሳምኳት።

ስንተኛ ወጣችሁ ትሉኝ ይሆናል። ከመጨረሻ ሁለተኛ። የመጨረሻዎቹ እነዚያ ረጅሟ ሴትዮና ጓደኛዋ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ለካ ሌሎችም በሮች አሉት፣ ሁሉንም ሲያዳርሱ ነው የቆዩት። ፓርክ ሮያል ስመለስ ግን ስንተኛ ወጣሽ ሲሉኝ ሁለተኛ አልኳቸው። ከየት በኩል እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

መስከረም መጣ፣ ረድኤት ሄደች። ቤቱ ጭር አለብኝ። ባለፈው እሑድ ደወልኩላት። በላሽ፣ ጠጣሽ፣ ብርዱ እንዴት ነው ስል ቆየሁና፣ አፍሬም እየተቅለሰለስኩም፣ ናፈቅኩሽ ወይ አልኳት። ስልኩ ውስጥ ድንገት ሲጢጥ የሚል ትንፋሽ ሰማሁ፤ አየር ያጠራት ሰው ትንፋሽ።

ክው አልኩ። «ረድኤት! ምን ሆንሽ? ቁጭ በይ! መስኮቱን ክፈቺው! አጠገብሽ ሰው የለም እንዴ?»

ከዚያ ሳቋ መጣ።

«ማሚ፣ አዎ ነው እኮ ያልኩሽ።»

አፈርኩ፣ እናንተዬ። ያንን ቀይ ጃኬት የለበሰ ልጅ ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።