ትንሽ አሟታል

የእኛ ሰው ሞትን በስልክ አይናገርም። ሳጥኑ ተገዝቶ፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ እንኳ ለልጅ የሚደወልለት «ትንሽ አሟታልና ብቅ ብትል» ተብሎ ነው። ልጁም ይገባዋል፤ ግን እንዳልገባው ሆኖ ይሳፈራል። እውነቱን አፍ አውጥተው የሚነግሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ እነሱም ሰብሰብ ብለው፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በር አንኳኩተው። ስለዚህ በማለዳ የሚንኳኳ በር አልወድም። እናንተስ ትወዳላችሁ?

ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ ባለፈው ዓመት ራሴን ለማሻሻል ቆርጬ የተነሳሁት። ምንህ ይሻሻላል አትበሉኝ። አርባ ዓመት አልፎኝ፣ ቀን ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ውዬ፣ ማታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እያለከለክኩ የምወጣ ሰው ነኝ፤ የሚሻሻል ነገር ሞልቷል። ቴሌግራም ላይ «አዲሱ እኔ» የሚባል ቻናል ተቀላቀልኩ። አሠልጣኙ ፊቱን አሳይቶ የማያውቅ፣ ድምፁ ግን ሰው የሚያሳምን ወጣት ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሱ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፣ ማታ ስልካችሁን አጥፍታችሁ ተኙ፣ የጠዋቱን ልምምድ ሳትጨርሱ እንዳትከፍቱት ይላል። አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት ምን ይገርማል? ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሁሉ በዚያ ሰዓት ይነሳል፤ ስኬታማ ለመሆን ሳይሆን ታክሲ ለማግኘት ነው። ውሃውም ቢሆን በፈረቃ ስለሚመጣ፣ እኔ የምሻሻለው ውሃ ባለባቸው ቀናት ብቻ ነበር።

አንድ ምሽት አሠልጣኜ በግል ጻፈልኝ። ጽናቴን እንዳደነቀ፣ ለጎበዞች ብቻ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት እንዳዘጋጀልኝ፣ አሁን ስልኬ ላይ የሚገባውን ቁጥር ብልክለት ወዲያው እንደሚደርሰኝ ነገረኝ። ቁጥሩ ገባ። ከሥሩ ለማንም እንዳትሰጥ የሚል ማስጠንቀቂያ አለው። እኔም ለማንም አልሰጠሁም፤ ለአሠልጣኜ ነው የሰጠሁት። ከዚያ በደንቡ መሠረት ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ።

እኔ ተኝቼ ስሻሻል፣ አሠልጣኜ በሰጠሁት ቁጥር ቴሌግራሜን ከፍቶ በእኔ ስም ለማውቀው ሰው ሁሉ ሲጽፍ አመሸ። እናቴ ታማ ሆስፒታል ገብታለች፣ መደወል አልችልም፣ የቻላችሁትን ላኩልኝ ይላል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ የሠለጠኑ ሰዎች ስለሆኑ ላኩ። የብሎካችን ሰዎች ግን ብር የሚለውን ዘለው ሌላውን አነበቡ። እናቴ ያለችው ወልቂጤ ነው፤ ታመመች ተብሏል፤ የእኔ ስልክ ደግሞ ዝግ ነው። ምድር ቤት ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሸምሱና የጎን ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ተመካከሩ። ሴትዮዋ አርፋለች፣ ልጁ አልተነገረውም፣ ሥራ ሳይሄድ እናርዳው ተባባሉ።

ጠዋት ከቀዝቃዛው ውሃ ወጥቼ ፎጣ እንዳገለደምኩ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን አጣምረው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ከኋላቸው ደረጃው በሰው ሞልቷል። ምን ልበላችሁ፣ «እናቴን» ብዬ ጮህኩ። እነሱም ለካ ሰምቷል ብለው ለቅሶውን ለቀቁት። እኔ እነሱ አረዱኝ ብዬ አለቅሳለሁ፤ እነሱ እኔ አውቄያለሁ ብለው ያለቅሳሉ። እትዬ አስካለ ቀብሩ መቼ ነው ብለው እስኪጠይቁኝ ድረስ ደህና አድርገን ተላቀስን። ይህንን መጠየቅ ያለብኝ እኔ አይደለሁም እንዴ? ማን ነገራችሁ አልኳቸው። አንተ አሉኝ።

ስልኬን ከፍቼ ወልቂጤ ደወልኩ። ራሷ አነሳችው። ከኋላዬ ያለውን ለቅሶ ሰምታ ማን ሞተ አለችኝ። ይህ ጥያቄ ለጠያቂዋ እንዴት ተደርጎ ይመለሳል? ደህና ነሽ ወይ ብቻ አልኳት። ጎመን ልትቀነጥስ ጓሮ ወጥታ ነው። ነገሩን ስትረዳ ብዙ ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ካለቀስክልኝ አይቀር መጥተህ እየኝ እንጂ፣ ልጄ» አለችኝ። ለቀጣዩ በዓል እመጣለሁ አልኳት። እትዬ አስካለ ዕድሜዋ ረዘመ ብለው እልል አሉ።

ለበዓሉ አልሄድኩም። አዲስ ልማድ ጀምሬ ነበር፤ ራስን ከሌባ መጠበቅ። የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም፤ ካነሳሁም አላምንም፤ ታመመ የሚል ካለ እዘጋለሁ። አንዴ የተታለለ ሰው አስተማሪ ካልሆነ አያርፍም መቼም፣ በብሎካችን ግሩፕ ላይ በየቀኑ ምክር እለጥፍ ጀመር። አንድ ቀን ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸው ውስጥ ዳቦ እየጠቀለሉልኝ፣ «ጥንቃቄው ደግ ነው፤ ግን የሚደውለው እኮ ሰው ሊሆንም ይችላል» አሉኝ። አዘንኩላቸው።

በጥቅምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሳለሁ የማላውቀው ቁጥር ደጋግሞ ጠራ። ሲሰለቸኝ አነሳሁት። የእናትህ ጎረቤት ነኝ፣ ትንሽ አሟታል፣ ስምህን እየጠራች ነውና ዛሬውኑ ብትደርስ ይላል አንድ ሰውዬ። ባልደረቦቼ እንዲሰሙልኝ ድምፁን ከፍ አድርጌ «ስንት ልላክ?» አልኩት። ግራ ገባው። «ብር አይደለም፣ አንተን ነው ያልኩት» አለ። ከዚህ የበለጠ የተጠና ሌባ ከየት ይመጣል? ዘጋሁበት፤ ቁጥሩን አገድኩት። እናቴ ጋ ልደውል አሰብኩና በሌባ ወሬ ሁለተኛ ላስደነግጣት አልፈለግኩም። ባልደረቦቼ ጎበዝ አሉኝ፤ እኔም ጎበዝነቴ ተሰማኝ። ማታ ቁጥሩን ግሩፑ ላይ ለጥፌ፣ እናትህ ታማለች የሚል አጭበርባሪ ነውና እንዳታነሱት ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ፤ ከ«አዲሱ እኔ» የቀረችኝ ልማድ እሷ ብቻ ነች።

ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጋሽ ሸምሱ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሳቄ መጣ። ግቡ ግቡ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ ተባለ አልኳቸው።

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ሸምሱ ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝና፣ ለሱብሒ ሶላት ሲነሱ የለጠፍኩትን አይተው ቁጥሩ ላይ እንደደወሉ ነገሩኝ። ሰውየው በእርግጥም የእናቴ ጎረቤት ኖሯል። እኔ ጋ የደወለው እሷ በሕይወት እያለች ነው። ያረፈችው ሌሊት ነው፤ በር በሩን እያየች።

በዚህ አገር «ትንሽ አሟታል» ብሎ እውነቱን የተናገረ ሰው ቢኖር ያ ሰውዬ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ እኔ አግጄዋለሁ።