የሎሚዋ ግሉኮስ

«ተወው፣ ለአንድ ነገር ይሆናል።» የዚህችን አነጋገር ጉልበት የማያውቅ ሰው ወይ ሚስት አላገባም፣ ወይ ያገባት ሚስት ሀብታም ናት። እኔ ከሁለቱም የለሁበትም። ከቆቦ ዋጃ፣ ከዋጃ አላማጣ፣ ከአላማጣ መልሶ ቆቦ ሚኒባስ ስነዳ አርጅቼ፣ ወገቤ «በቃህ» ሲለኝ ቤት የዋልኩ ሰው ነኝ። ቤት ሲዋል ደግሞ መንገድ ላይ የማይታይ ብዙ ነገር ይታያል። ለምሳሌ ከቤታችን አንድም ቆሻሻ ወጥቶ እንደማያውቅ የገባኝ አሁን ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዙትን አይለቁም ይባላል። ይህን የተረተው ሰው ባለቤቴን ዘምዘምን አላያትም። የዘይት ጀሪካን ሲያልቅ እኮ ለእሷ ገና መጀመሩ ነው፤ ወገቡ ላይ ይቆረጥና ታችኛው የቃሪያ መደብ፣ ላይኛው ዘይት መገልበጫ ይሆናል። ማዳበሪያውማ (ከረጢቱን ማለቴ ነው፤ እኛ አገር ማዳበሪያው መሬት ገብቶ ካለቀም በኋላ ከረጢቱ ስሙን ወርሶ ይኖራል) አንድ ዓመት እህል ይይዛል፣ በዓመቱ ከሰል ይይዛል፣ ሲያረጅ በር ላይ እግር ይጠረግበታል፣ ሲበጣጠስ ደግሞ ተተርትሮ በግ የሚታሰርበት ገመድ ይሆናል። የተቀደደው አጎበር ጎመኑን ከዶሮ ይጠብቃል። ትንኟ ግን ከእኛ ጋር ቀረች። የድሮ ኮንጎ ጫማዬ ተቆርጦ የሽንት ቤቱ በር ማጠፊያ ሆኗል፤ በሩን በከፈትኩ ቁጥር የራሴን ተረከዝ ሰላም እላለሁ። ውዱእ የማደርግበት ኩስኩስት አፈሰሰ ብዬ ባዝን፣ «ሲያፈስማ ጥሩ ሆነ» ብላ ሌላም ቀዳዳ ጨምራ በምስማር በሳችውና የችግኝ ማጠጫ አደረገችው።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ቤት የሚያረጅ ወንድ ምን እንደሚሰማው እናንተው አስቡት። አንዳንድ ቀን ዘምዘም ቆም ብላ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ስታየኝ እሸማቀቃለሁ። ምን ልታደርገኝ እንዳሰበች እሱ አላህ ይወቅ።

ቁጠባ ጥሩ ነው፣ አልጠላም። ክፋቱ ጎረቤት ማጣላቱ ነው። ከኪሮስ ጋር ያጣላን እሱ ነው።

ኪሮስ አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ነው። አባቱ በወጣትነታቸው ከኮረም ወርደው ቆቦ ላይ የእህል ንግድ ጀመሩ፤ እሱም እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ነግዶ፣ እዚሁ ሸበተ። እኔ መኪና ይዤ እሱ ጤፍና ማሽላ ሲያስጭነኝ የጀመርነው ወዳጅነት ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ያ የቆቦ ሙቀት ሰውን ሁሉ ቤቱ ሲከተው፣ እኛ የእኔ ግቢ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጠን በቆርኪ ዳማ እንጫወት ነበር። ሲሸነፍ «ዛሬ ቆርኪው ልክ አይደለም» ይላል። እኔ ስሸነፍ ደግሞ ፀሐዩ ዓይኔን እየወጋኝ ነው።

አንድ ጊዜ ኪሮስ ለንግድ ወልድያ ሰነበተና፣ ሚስቱ ለተ አዲስ አልጋ ገዝታ አሮጌውን የብረት አልጋ ከበር አወጣችው። ዘምዘም ዓይኗ አረፈበት። ጠየቀች፣ ተሰጣት። ራስጌውን ጓሮ ተክላ ቲማቲሟን አስደገፈችበት። ቲማቲሙም የዋዛ አልነበረም፣ ብረቱን እየተጠማዘዘ ወጥቶ እስከ ላይ ቀላ። ኪሮስ ከመንገድ ገብቶ በአጥሩ ላይ ብቅ ሲል ያየው ይህንን ነው።

«የአባቴ ነፍስ የወጣችበት አልጋ ላይ ቲማቲም?» አለ።

ዘምዘም ክፋት የሚባል አልፈጠረባትም። የመጣላትን ተናገረች፦ «ነፍስ ይማር፤ ሲወዱ ደግሞ ቲማቲም!»

ኪሮስ ፊቱ ከሰል መሰለ። ወደ እኔ ዞረ፤ «አንተስ ምን ትላለህ?» ማለቱ ነው። ምን ልበል? የቀን ጎዶሎ ሆኖ አፌን የሞላው ከዚያው አልጋ ላይ የተቀጠፈ ቲማቲም ነበር። ኪሮስ በዚያው ወጥቶ ገበያ መሃል፣ ሰው እየሰማ ማለ፦ «ከእንግዲህ የሰይድን ደጅ ብረግጥ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!»

መሐላ ደግሞ መሐላ ነው። አልጋውን ነቅለን ብንልክለት «ለእኔ ሲባል ምንም እንዳይነቀል» ብሎ መለሰው። ሽማግሌ እንዳንልክ ምን ብለን? «በቲማቲም ተጣልተን ነው፣ አስታርቁን» እንበል? እንዲሁ ተኳርፈን ከረምን። ዳማውን ቀኝ እጄን ከግራ እጄ እያጋጠምኩ ብቻዬን እጫወት ጀመር፤ ግራ እጄ ምስኪን፣ አንድ ቀን አሸንፎ አያውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኪሮስ ናፈቀኝ። ከአጥሩ ወዲያ ሲያስል በሰማሁ ቁጥር እኔም መልሼ አስላለሁ። የተረፈን ንግግር ሳል ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ግሉኮሱ ልምጣ። ከጠባችን በፊት ታይፎይድ ጥሎኝ ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ ነበር። ስነሳ እኔ ነፍሴን ይዤ ወጣሁ፣ ዘምዘም ደግሞ ባዶውን የግሉኮስ ላስቲክ ከነቱቦው ይዛ ወጣች። መርፌውን ነርሷ ከለከለቻት እንጂ እሱም ለአንድ ነገር ይሆን ነበር። ላስቲኩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመና፣ እህቷ ከሮቢት የሎሚ ችግኝ ባመጣችላት ጊዜ ቀኑ ደረሰለት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ በዚያ ሙቀት፣ ችግኝ ላይ ውሃ ማፍሰስ አሸዋን ማጠጣት ነው። እሷ ምን አደረገች? ላስቲኩን ውሃ ሞልታ ከቁርቁራው ቅርንጫፍ ሰቀለችው፤ ቱቦውን ቁልቁል ለቃ ጫፉን የሎሚዋ ሥር ቀበረችው፤ ማጥበቂያዋን አስተካክላ ጠብ… ጠብ… አስባለችው። እዚህ ላይ አድናቆቴን አልደብቅም። መንግሥት ከከተማው ውጭ ሸለቆው ላይ በስንት ቧንቧና በስንት ስብሰባ የሚሠራውን የጠብታ መስኖ፣ እሷ ከእኔ ክንድ በተረፈ ነገር ሠራችው።

ታዲያ ግቢያችን ውስጥ ጥላ የሚባለው ያው የቁርቁራው ነው። ጠፍር አልጋዬም እዚያው ከሎሚዋ ጎን ነው ያለው። አንድ ከሰዓት ዘምዘም ገበያ ወጣች፣ እኔ ጋደም አልኩ። ዝንቡ አላስተኛ ቢለኝ ያገኘሁትን የእሷን ነጭ ነጠላ ከፊቴ እስከ እግሬ ለበስኩ። እንግዲህ ከአጥሩ ማዶ ሆናችሁ እዩት፦ ዛፍ ላይ ግሉኮስ ተሰቅሏል፤ ቱቦው ወደ አልጋው ይወርዳል፤ አልጋው ላይ በነጭ የተሸፈነ ሰው ተዘርግቷል፤ አይንቀሳቀስም። ለተ በአጥሩ ላይ ብቅ ያለችው በዚህ ሰዓት ነው።

ወሬው ከእኛ በር ሲወጣ «ሰይድ ግሉኮስ ተሰክቶለታል» ነበር። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ «ራሱን አያውቅም» ሆነ። ገበያ ሲደርስ አልቆልኝ ነበር።

እኔ የነቃሁት በሹክሹክታ ነው። በነጠላው ውስጥ አጮልቄ ባይ ግቢው በሰው ተሞልቷል። አንዷ «አላህ አፊያ ያድርገው» ትላለች፣ ሌላዋ «እግዚአብሔር ይማረው» ትላለች፤ ወሎ ነውና በሁለቱም በኩል ተጸልዮልኛል። የቅሬያችን፣ የእድራችን ማለት ነው፣ ዳኛ፣ ሐዘን ሲመጣ ድንኳን የሚያስተክሉት ሰውዬ፣ ከሎሚዋ እስከ በሩ ያለውን ሜዳ በዓይናቸው ይለካሉ። «ይህቺ የጓሮ አጥር ትነሳ ይሆን?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ያ ረቢ! በሕይወት ያለሁበት ግቢ ሊፈርስ ነው። ዘልዬ ተነስቼ «ጎበዝ፣ ደህና ነኝ!» ልል ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

ያን ጊዜ ኪሮስ ገባ።

በሽታና ሞት ከመሐላ በላይ ናቸው፤ ይህ የአገሩ ወግ ነው። የማለ ሰው እንኳ የታመመ ለመጠየቅ ሲገባ አጥንት አይወጋውም። ኪሮስ ሰዉን እየገፋ መጥቶ አልጋው ሥር በጉልበቱ ወደቀና እጄን ያዘ።

«ሰይዶ! ሓወይ! ወንድሜ!» አለ። «በአልጋ የተነሳ፣ በቲማቲም የተነሳ፣ ሳላናግርህ ብትሞትብኝ እኔ ምን ሆኜ ልኖር ነው? አባቴ ቢኖር የሚቆጣው እኔን ነበር። አውፍ በለኝ!»

አውፍ በለኝ ነው ያለው። ይቅርታን በእኛ በእስላሞቹ አፍ ነው የጠየቀኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እንባው በእጄ ላይ ይወርድ ነበር።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ብነሳ ያ ኩሩ ሰው ቅሬው ሁሉ እያየው ለአንዲት የሎሚ ችግኝ ተንበርክኮ ማልቀሱ ነው። ቆቦ ይህን አግኝታ ትምረዋለች? እስኪሞት ድረስ ትስቅበታለች፤ እሱም እስኪሞት ድረስ አያናግረኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ጤናውን ስለደበቀ ሰው ግን የተባለ ነገር የለም። እኔም ድምፄን ከጉድጓድ አወጣሁት።

«አውፍ ብያለሁ ኪሮስ… አንተም አውፍ በለኝ።»

በዚህ መሃል ዘምዘም ከገበያ እየሮጠች ደረሰች። አልጋውን አየች፣ ኪሮስን አየች፣ ሎሚዋን አየች፣ ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባት። የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ሴቶቹ «አይዞሽ እህታችን፣ አታልቅሺ» እያሉ ከበቧት።

ተገላገልኩ ስል የቅሬው ዳኛ ላስቲኩን ቀና ብለው አዩና «ይህ ነገር አወራረዱ ደካማ ነው፤ ተዘግቶ እንዳይሆን» አሉ። ኪሮስ እንባውን ጠርጎ ተነሳ። ቱቦውን ያዘ። እንዳይነካካ እየተጠነቀቀ ቁልቁል በእጁ ተከተለው፤ ክንዴን አለፈ፣ የአልጋውን ጠርዝ አለፈ፣ ወረደ፣ ወረደና ጭቃ ውስጥ ገባ።

ጎንበስ እንዳለ ሎሚዋን አያት። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልቤ ግን የድሮ ሚኒባሴ አቀበት ላይ ስትሆን የምታሰማውን ድምፅ ታሰማ ነበር። አሁን ቢጮህስ? «ተጫወተብኝ» ቢልስ? ልክ ነበር፤ የዘላለም ጠብ ይሆን ነበር።

ቱቦው ከጭቃው ሲመዘዝ ተሰማኝ። ቀጥሎ ነጠላው በጎኔ በኩል ገለጥ አለና የቱቦው ጫፍ ክንዴ ሥር ተሸጎጠ። ነጠላው ተመልሶ በሥርዓቱ ተከደነ። ቀዝቃዛ ውሃ ብብቴ ውስጥ ጠብ… ጠብ… ማለት ጀመረ።

«ደህና እየወረደ ነው» አለ ኪሮስ ለሰዉ። «በሉ ወገኖቼ፣ አየር እንስጠው። ሰው አታብዙበት ብሏል ሐኪሙ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የቅሬው ዳኛ ጀርባውን መታ መታ አድርገው «በርታ ኪሮስ፣ ወንድ ልጅ እንዲህ አይሆንም» እያሉ ሰዉን ይዘው ወጡ።

ከዚያ በኋላማ መታመም ግዴታዬ ሆነ። አገር በሙሉ ጠይቆኝ ሲያበቃ በማግስቱ ገበያ ብታይ በምን ፊቴ ሰው አያለሁ? ተኛሁ። አጥሚት በየዓይነቱ መጣ፤ የመጣበትን ሃይላንድና ጣሳ ሁሉ ዘምዘም እያጠበች ለአንድ ነገር አስቀመጠችው። ኪሮስ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይመጣና አልጋው ላይ ቆርኪውን ይደረድራል። በሩ ሲንኳኳ እኔ ነጠላዬን እለብሳለሁ፣ እሱ ራሱን በሐዘን ይነቀንቃል፤ ጠያቂው ሲወጣ ካቆምንበት እንቀጥላለን። እንደዚያ ሰሞን ስቄ አላውቅም። ስለ አልጋው አንስተን አላወራንም፤ ስለ ሎሚዋም እንዲሁ።

በመጨረሻ ግን ወገቤ አልቻለም። አንድ ቀን መሃል ጨዋታ ላይ «ኪሮስ፣ ነገ እነሳለሁ። መተኛቱ ሊገድለኝ ነው» አልኩት።

ቆርኪውን አንስቶ ሊያስቀምጥ የነበረው የኪሮስ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ትነሳና?» አለኝ።

«እነሳና እድናለሁ።»

ወደ በሩ አየ፤ ከዚያ ወደ ዳማው አየ።

«ከዳንክማ መሐላው አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ምን ብዬ ልገባ ነው?»

ነጠላውን ሳብኩና መልሼ ተኛሁ።